የፓሪ ሁለት ስንዝር

በኬርማን ገበያ ከኡስታ ኑሮላህ ጋር ግድግዳ ተጋርቼ ሱፍ ስሸጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ኡስታ ማለት የእጅ ሙያ ጌታ ነው፤ እሱ የተቀደደ ምንጣፍ ይጠግናል፣ ትልቁን ያሳንሳል፤ እኔ ባለቀለም ክር አቀርብለታለሁ። ግድግዳችን ከመሳሳቱ የተነሳ እሱ ሲያስነጥስ "ይማርህ" የምለው እኔ ነኝ። ስለ ወይዘሮ ጎልባኑ፣ በእኛ አጠራር ጎልባኑ ኻኑም፣ የምጽፈውን ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ግማሹን ከራሷ አፍ ሰምቻለሁ።

ጎልባኑ በሰባት ዓመቷ ከእናቷ ጎን የምንጣፍ መሥሪያው ሳንቃ ላይ ተቀምጣ ምንጣፍ መቋጠር ጀመረች፤ በስልሳ ዓመቷ ወገቧ በቃኝ አላት። ዕድሜዋን ሁሉ ለሰው ቤት ስትሠራ፣ ለራሷ የሠራችው አንድ ብቻ ነው፤ አራት ሜትር በሦስት፣ መደቡ የሮማን ቀይ፣ ዳሩ ዙሪያውን ጥቁር ሰማያዊ።

ያ ምንጣፍ መሃሉ ላይ ሲደርስ ወንድ ልጇ ካምራን ተወለደ። እናትየዋ አርባ ቀን ስትታረስ የአሥራ አራት ዓመቷ ልጇ ፓሪቫሽ፣ በቤት ስሟ ፓሪ፣ ብቻዋን ሳንቃው ላይ ወጣች። በእኛ አገር አንዱ ንድፉን በዜማ ይጠራል፣ "ሁለት ቀይ፣ አንድ ሰማያዊ፣ ሦስት ቀይ" ይላል፤ ሌላው እየሰማ ይቋጥራል። ለፓሪ የሚጠራላት ሰው አልነበረም። ራሷ ዘመረች፣ ራሷ ቋጠረች። በአርባ ቀን ሁለት ስንዝር! ቋጠሮው ላላ፣ አበቦቹ ነፋስ እንደ መታቸው ወደ ግራ አዘመሙ። እናቷ ስትነሳ አይታ ሳቀች፤ አላፈረሰችውም።

ፓሪ አድጋ ባም ከተማ ተዳረች፤ እዚያው የመሬት መንቀጥቀጡ ከነአልጋዋ ወሰዳት። ከእሷ የቀሩት ፎቶዎች ሁለት ናቸው፤ በሁለቱም ዓይኗን ጨፍናለች። ጎልባኑ በየማለዳው በባዶ እግሯ ያን ሁለት ስንዝር ትረግጥ ነበር። "ፎቶው አያየኝም፤ እግሬ ግን ያውቃታል" አለችኝ፣ ኋላ ሁሉን ስትነግረኝ።

ግቢዋ ለመንገድ ፈረሰና ካምራን አራተኛ ፎቅ ላይ ወደተከራየው ቤት ወሰዳት። የክፍሉ ርዝመት ሦስት ሜትር ተኩል ነው። "ምንጣፉን እንሽጠውና በማሽን የተሠራ ትንሽ እንግዛ" አላት።

"እሱ ካልገባ እኔም አልገባም።"

አስጠቅልላ ኡስታ ዘንድ አመጣችው።

"ኡስታ፣ ቤቱ ጠበበን።"

"ጎልባኑ ኻኑም፣ ቤት ሲጠብ ባል ነው እንጂ የሚቀነሰው፣ ምንጣፍ ይቀነሳል?"

"ባሌንማ አላህ ቀድሞ ቀንሶልኛል። የቀረው ምንጣፉ ነው።"

እኔ በግድግዳው ማዶ ሻዬ ትን አለኝ።

ኡስታ ዘርግቶ ለካ። "ዳሩን አልነካም። መሃሉን አግድም ቆርጬ ግማሽ ሜትር አወጣና ሁለቱን አገጣጥማለሁ። መጋጠሚያውን ካገኙት ጢሜን ይላጩኝ!"

"ከየት በኩል ነው የሚያወጡት?"

"ይሄን ለእኔ ይተዉት። ዓይን አለኝ።"

ጣቷን ወደ ምንጣፉ ዘርግታ መልሳ ሰበሰበች። በኛ ዘንድ ምንጣፍ ሠሪ በኡስታ ፊት የገዛ ምንጣፏን ጠማማ ቦታ በጣቷ ከምታሳይ ሞቷን ትመርጣለች። ደግሞም፣ ኋላ እንደ ነገረችኝ፣ እንዲህ አሰበች፤ ዓይን ያለው ሰው የልጅ እጅ መሆኑን ያያል፤ የልጅ እጅ ደግሞ ማን ይነካል?

"ዓይንዎን አምናለሁ" ብላ ሄደች።

ኡስታ አየው፤ እንዴት አያየው! ግን የጠጋኝ ዓይን ነው። መውጣቱ ካልቀረ መጥፎው ይውጣ የሚል ዓይን። ደግሞም ጨዋ ሰው ነው፤ የሰው ሥራ እንከን ለባለቤቱ አይነገርም፣ ዝም ተብሎ ይነሳል እንጂ።

"ምን የመሰለ ምንጣፍ መሰለህ!" ሲል ጮኸልኝ በግድግዳው። "አንድ ቦታ ላይ ግን ሰክራ ነው የሠራችው። አወጣላታለሁ፤ ስሟ ይጸዳል።"

"ጎበዝ!" አልኩት። ቀይ ክርም መርጬ አቀበልኩት። ያቺ "ጎበዝ" እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች።

በሃያ ቀኑ መጣች። ኡስታ ምንጣፉን ዘርግቶ እንደ ሙሽራ ወንድም ይፍለቀለቃል። ጫማዋን አወለቀች። ከዳር እስከ ዳር ሄደች። ተመለሰች። ሦስተኛ ጊዜ ስትሄድ እግሯን እየጎተተች ነበር፣ በጨለማ ደረጃ እንደሚፈልግ ሰው።

"ኡስታ፣ ያ ያዘመመው የት አለ?"

ፊቱ በራ። "አወጣሁልዎታ! ምንም አይበሉ፣ በሁላችንም እጅ የሚደርስ ነው። አሁን እንከን የለውም።"

"የልጄ እጅ ነበር።"

"የየትኛዋ ልጅዎ?"

"የፓሪ፣ ባም የቀረችው።"

ባምን የማያውቅ ኬርማኒ የለም። ኡስታ የያዘውን የሻይ ብርጭቆ መሬት አስቀመጠ፣ ግን ከእጁ አልለቀቀውም።

"ቁራጩስ?" አለችው።

ባለቤቱ ካልጠየቀ ቁራጭ የጠጋኙ ነው፤ ያረጀ ሱፍ ያረጀ ቀዳዳ ይደፍናል። ኡስታም ደፍኖበታል። አንዱ ፍም ያቃጠለው የመስጊድ ምንጣፍ ውስጥ ገብቷል። አንዱ ሐምቡርግ በተላከ ምንጣፍ ጥግ ላይ ነው። ሌሎቹን የት እንዳደረጋቸው አያስታውስም። የቁርጥራጭ ሣጥኑን ገለበጠ፤ በእንብርክኩ ሆኖ ቁርጥራጩን በተነ፤ መጨረሻ ላይ መዳፍ የምታህል ቀይ አገኘ።

"ይኸውና! ይኸው፣ አንዷ ተርፋለች!"

ጎልባኑ ገልብጣ ጀርባውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ቋጠሮው ጥብቅ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው።

"ይሄ የኔ እጅ ነው" ብላ ሣጥኑ ውስጥ መለሰችው።

"መጋጠሚያውን ልፍታው?" አለ ኡስታ።

"ፈትተው ምን ሊያስገቡበት?"

ጢሙን አልላጨችውም፤ መጋጠሚያውን ማንም አላገኘውም። ካምራን ምንጣፉን ክፍሉ ውስጥ ሲያነጥፈው በደስታ አጨበጨበ፤ "በልክ የተሰፋ ልብስ ነው እኮ፣ እማዬ!" እኔም ለእንኳን ደስ ያላችሁ የተምር ብስኩት ይዤ ሄጄ ነበር። ምንጣፉ ከግድግዳ ግድግዳ ሞልቶታል፣ ዳር ዳሩን መሄጃ የለም። ጎልባኑ ከአልጋዋ ተነስታ ሻይ ልታፈላልኝ ወደ ወጥ ቤት ስትሄድ መሃሉ ላይ ተሻገረች። ጫማዋን አላወለቀችም።