ሁለት ጓጉንቸር የተንጠለጠለበት በር

ቁልፍ ሠሪው በአንዲት ጠባብ ሱቅ፣ በአንድ ሞርሳና በጥቂት ሞረድ ሃያ ስድስት ዓመት ኖሯል። ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስቶ የወጣ ሁሉ የሚሮጠው ወደ እሱ ነው። «ያልከፈተው የሰማይ ቤትን በር ብቻ ነው» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም ይስቅ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ሳቁ ጠፍቷል።

አምና እሱና እናቱ የሚያመልኩባት ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ተከፈለች። አንዱ ወገን «መጀመሪያ ቅድስና፤ ኃጢአት ሳይጠራ ምን ሰላም አለ?» አለ። ሌላው «መጀመሪያ ሰላም፤ በጥል መሃል ምን ቅድስና አለ?» አለ። መጽሐፍ ቅዱስ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ እንደሚያዝ ከመካከላቸው የማያውቅ አልነበረም። ግን ሁሉም ግማሽ ግማሹን ይዞ ሮጠ። የቅድስናዎቹ ቅዳሜ ዕለት በሩን በጓጉንቸር ዘጉት። የሰላሞቹ በማግስቱ ሌላ ጓጉንቸር ደረቡበት። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ወገን በየሰው ሳሎን ተሰብስቦ፣ ሌላው ንስሐ እንዲገባ አጥብቆ ይጾማል። ለሌላ ሰው ኃጢአት መጾም እንዴት ቀላል ነው!

የቁልፍ ሠሪው እናት ሰማንያ አራት ዓመት ሞልቷታል። ዐይኗ ከፈዘዘ ቆይቷል፤ አሁን ልቧም ደክሟል። ሐኪሙ ልጇን ወደ ጎን ጠርቶ «ብዙ ቀን የላትም» ብሎታል። እሷ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ልጄ፣ ሳልሞት አንዴ እዚያው ቤተ ክርስቲያናችን ከሁሉም ጋር የጌታን እራት ልውሰድ።»

የቅድስናዎቹ መሪ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሄዶ እግራቸው ላይ ወደቀ።

«ይምጡ፣ እኔ ሳሎን እንሰጣቸዋለን» አሉት። «በሩ ግን እነዚያ ሳይመለሱ አይከፈትም።»

የሰላሞቹ መሪ ነርስ ናት። ለመናት።

«ወንድሜ፣ እኛማ ሰላም ነው የምንፈልገው» አለችው። «ቀድመው ይክፈቱና እናያለን።»

አሥራ አንድ ጊዜ ተመላለሰ። ነገሩ ውሃ ወቀጣ ሆነ። ደጋግሞ ሲለምን ሁለቱም ወገን ጠረጠረውና ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኖ ቀረ። ሱቁ ውስጥ ሞረዱን እንደያዘ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

አንድ እሑድ ጠዋት እናቱ ነጠላዋን ለብሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኛት። «ዛሬ ነው» አለችው። ነገ እንደማይኖራት አወቀ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ቁራሽ ዳቦና የወይን ጭማቂ በዘንቢል ይዞ፣ እሷን አዝሎ ወጣ። ሁለቱንም ጓጉንቸር በቀጭን ሽቦ ከፈታቸውና ኪሱ ከተታቸው።

ውስጡ አቧራ አቧራ ይሸታል። በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው አግዳሚ ላይ፣ አርባ ዓመት በተቀመጠችበት፣ አስቀመጣት። በግራዋ ዳሰሰች፤ በቀኟ ዳሰሰች።

«ሰዉስ?»

«እኔና አንቺ ብቻ ነን፣ እማዬ።»

«እሱንማ እቤታችንም እንችል ነበር» አለች። «በሩንስ ማነው የዘጋው?» ብላ ጠየቀች።

እነሱ ናቸው ማለት ይችል ነበር። ዓመቱን ሙሉ ያለው እንደዚያ ነው።

«እኔ ነኝ» አለ። «ቅዳሜ መምህሩ አስጠሩኝ፣ ጓጉንቸር ገጠምኩ። እሑድ ነርሷ አስጠራችኝ፣ ለሷም ገጠምኩ። እኔ ባልገጥመው ሌላ ሰው ይገጥመዋል፣ ሥራዬ ነው አልኩ። ላንዳቸውም የሌላውን አልነገርኩም። ከዚያ አስታራቂ መስዬ ስዞር ከረምኩ።»

እናቱ ዳቦውን በእጇ ገፋ አደረገችው።

«ሂድና ይህንኑ ንገራቸው። እኔ ከነሱ ጋር ካልሆነ አልቆርስም።»

«ብቻሽን? ብትደክሚስ?»

«ብደክም እዚሁ ነኝ። ሂድ።»

መምህሩ ቤት ሲደርስ ይዘምሩ ነበር። ሁለቱን ጓጉንቸሮች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሁሉንም ነገራቸው፤ እናቱ ብቻዋን መቀመጧንም ነገራቸው። መምህሩ ጓጉንቸሮቹን አዩ።

«ታዲያ በሩ አሁን ክፍት ነው?»

«ክፍት ነው።»

«እነዚያ ሊገቡበት ይችላሉ ማለት ነው?» አሉና ኮታቸውን አነሡ።

ቅስሙ ስብር አለ። ስለ እናቱ የጠየቀው አንድም ሰው አልነበረም። ቢሆንም ለመናደድ ጊዜ አልነበረውም፤ ወደ ነርሷ ቤት ሮጠና እዚያም ኃጢአቱን ተናዘዘ። መጨረሻ ላይ፣ እያፈረ፣ «እነሱ እየሄዱ ነው» ብሎ ጨመረ። ሳሎኑ በሙሉ ጫማውን ፍለጋ ተነሣ።

ቀድሟቸው ደረሰ። እናቱ እንደተዋት ተቀምጣለች፤ ትንፋሿ አጥሯል። በቀኝና በግራ ካሉት መንገዶች የብዙ ሰው ኮቴ እየቀረበ መጣ፤ ንግግር የለም፣ ጥድፊያ ብቻ ነው።

«መጡ?» አለች።

«መጡ፣ እማዬ።»

ለምን እንደመጡ ሊነግራት ሲል ሁለቱ ወገኖች እየተጋፉ ደጃፉን ሞልተው ቆሙ። ማንም ቀድሞ አልተቀመጠም።

እናቱ ፊቷን ወደ ኮቴው አዞረች። አግዳሚውን በሁለት እጇ ተደግፋ፣ ቀስ እያለች ወደ መስኮቱ ተንሸራተተች።

«ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ልጆቼ» አለች፤ «ቦታ አለ።»