ያልተጠሩት የነፍስ አባት

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም። ለሚስቴም፣ አብረውኝ ለሚጸልዩትም። አንተ አንባቢ አታውቀኝም፤ ላንተ መናገር የቀለለኝ ለዚያ ይሆናል።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት አባቴ አዘዞ እኔ ቤት ታሞ ተኛ። የመካነ ብርሃን ገበሬ ነበር፤ ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ቤቱ ይረፍ ብለው ሰጡኝ። እኔን ሰፈሩ ጴንጤ ማለት ከጀመረ ቆይቷል፤ እሱ ኦርቶዶክስ ነው። በተገናኘን ቁጥር ሙግታችን አንድ ነበር። ማርቆስ ወንጌል ላይ ያለችውን፣ «ያመነ የተጠመቀም ይድናል» የምትለውን አንዷን ጥቅስ እኔ እስከ ማመኑ እጠቅሳታለሁ፣ እሱ እስከ ጥምቀቱ። ንስሐ ሳይገባ የሞተ ምን ተስፋ አለው ይለኛል፤ ማመን ብቻ ይበቃል እለዋለሁ። ቀድሜ የምቆጣው ሁልጊዜ እኔ ነበርሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የነፍስ አባቱን መምሬ ይታየውን እንድጠራለት ለመነኝ። መምሬ ከአገር ቤት ወርደው እዚያው አዘዞ ያገለግሉ ነበር፤ ቤታቸው በባጃጅ አሥር ደቂቃ አይሞላም።

ደጅ ወጣሁ። ስልኬን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ እንጂ አልደወልሁም። አባቴ እንዲሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ «አቤት መምሬ፣ ቶሎ ይድረሱልን» አልሁ። ትንሽ ዝም ብዬ «እሺ፣ እንጠብቅዎታለን» አልሁና ስልኩን ኪሴ ከተትሁ። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም።

ገብቼ እየመጡ ነው አልሁት።

«ሸጋ። እንግዲያ እቆያቸዋለሁ» አለ።

እጁን አስታጠብሁት፣ ጋቢውን አስተካከልሁለት። ሰባት ሰዓት ላይ ጠየቀኝ፤ ባጃጅ አጥተው ይሆናል አልሁት። ስምንት ሰዓት ላይ እጄን ያዘ።

«ምነው ቀሩ? በል ላንተው ልንገርህ፤ ይዤው አልሄድም።»

አቋረጥሁት። ጌታ ሁሉንም ይቅር ብሎልሃል፣ አንተ እመን ብቻ አልሁት።

«የእኔን ምን አውቀህ?» አለኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ዐረፈ።

በቀብሩ ዕለት መምሬ «ምነው ሳትነግረኝ ልጄ?» አሉኝ። ድንገት ነው አልኋቸው። አመኑኝ፤ ፍትሐቱን አድርሰው ቀበሩት።

ለምን አደረግሁት? ለእምነቴ ብዬ ነው እንዳልል፣ እምነቴ ዋሽ ብሎኝ አያውቅም። ማሸነፍ ፈልጌ ነው። አባቴ ያለ ቄስ ሲሞት ክርክሩን የረታሁ መስሎኝ ነው። ባይሆንማ በሳምንቱ እሁድ ጉባኤ ፊት ቆሜ፣ አባቴ በእምነት ብቻ ዐረፈ ብዬ እመሰክር ነበር? ሰዉ ሃሌ ሉያ አለ። እኔም አብሬ አልሁ።

ማመን ብቻ ያድናል ወይስ ንስሐና ጥምቀት ያስፈልጋል ብትለኝ፣ ዛሬም የምመልስልህ የድሮውን ነው። ግን እኔ ልክ ብሆንስ ምን ይጠቅመኛል? አባቴ ምን ተሸክሞ እንደሞተ አላውቅም። ሰው ገድሎ ይሁን፣ የጎረቤት ወሰን ገፍቶ ይሁን፣ ወይም ቄስ የሚስቅባት ትንሽ ነገር ትሁን፣ አላውቅም። ይህ ያመኛል፤ መጀመሪያ አላመመኝም ነበር፣ እየቆየ ነው የመጣው።

እግዚአብሔር ይቅር እንዳለኝ አምናለሁ። የበደልሁት ግን አባቴንም ነው፤ እሱ አፉን ከፍቶ ሊናገር ሲል ዝም ያሰኘሁት እኔ፣ አሁን ማረኝ ብዬ ብለምነው በምን አፉ ይመልስልኛል?