የወንድሜ ፔርሙዝ

ይሄ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ገደማ ነው። መኪና አልተገለበጠም፣ ሰውም አልሞተም። እንዲያውም ሳወራው የሚስቅ ሰው አለ። እኔ ግን እስከ ዛሬ የጦስኝ ሽታ በመጣብኝ ቁጥር ያ ቀን ትዝ ይለኛል።

ታላቅ ወንድሜ ደምሰው ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር ነው። ነበር ልበል እንጂ። አረቄ ይወድ ነበር፤ አንድ ቀን ጠጥቶ መኪናውን ቦይ ውስጥ ከተተውና ከሥራ ተባረረ። ከዚያ ፀበል ገባ፣ በንስሐ አባታችን ፊትም ሁለተኛ አልቀምስም ብሎ ማለ። የመኪናው ባለቤት ግን አላምነውም አሉ። ቤታቸው ድረስ ሄድኩና፣ "ጋሼ፣ ከዛሬ ወዲያ ጠብታ ቢቀምስ እኔን ይያዙኝ፣ ዋሱ እኔ ነኝ" አልኳቸው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ቤት የተቀመጠች ልጅ ምኗ ይያዛል? ሳቁብኝ። ቁልፉን ግን ሰጡት።

ብዙም ሳይቆይ ደረቴን ብርድ መታኝ ማለት ጀመረ። "እስቲ ጦስኝ አፍልተሽ በፔርሙዝ ስጪኝ።" ደስ አለኝ። ጦስኝ እኛ አገር ሜዳውም ገደሉም ላይ ነው፣ የማያውቀው የለም። እኔ ደግሞ የኬሚስትሪ መምህራችን ያስተማሩንን ሸምድጃለሁ። በቅጠሉ ዘይት ውስጥ ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ነገሮች አሉ፤ ሽታውም፣ ጀርም የሚገድለው ኃይሉም ከእነሱ ነው። አክታ ያላላል፣ ሳል ያስታግሳል። በየጠዋቱ ከሱ ቀድሜ እየተነሣሁ አፈላለት ጀመር።

"ቅጠሉን አታጥልይው፣ እዚያው ይቆይ" ይለኛል። እሺ። "እስከ ግማሹ ብቻ አድርጊው፣ ሲሞላ ይፈሳል።" እሱንም እሺ።

ማታ ሲመጣ ትንፋሹም ልብሱም ጦስኝ ጦስኝ ይላል። ፔርሙዙን ራሱ አለቅልቆ ነው የሚያመጣው። ምን ያለው አሳቢ ወንድም ነው እል ነበር። ክዳኑ ላይ የሚቀረው ሽታ ግን እኔ ካፈላሁት በላይ አፍንጫ ይሰነፍጣል። "የእኔ እጅ ይለያል" እያልኩ ለጎረቤት ሁሉ ጉራ እነዛ ነበር።

ያን ቀን ሞላሌ አክስቴ ጋ ልሄድ ከሱ መኪና ተሳፈርኩ። ከጀርባው ተቀመጥኩ፤ አጠገቤ አንዲት አሮጊት መነኩሴ አሉ። ጉሙ መንገዱን ዘግቶታል። መነኩሴዋ ይስላሉ፣ ያቆማሉ፣ ደግሞ ይስላሉ።

"እማሆይ፣ መድኃኒቱ እዚሁ አለልዎት" ብዬ ከወንድሜ ወንበር ሥር ፔርሙዙን አነሣሁ።

"ተይው፣ ቀዝቅዟል" አለ ዞር ሳይል።

"ቢቀዘቅዝስ? ታይሞሉ የት ይሄዳል?" አልኩና በክዳኑ ቀዳሁላቸው። አማተቡና ግጥም አደረጉት።

ዓይናቸው እንባ ሞላ። ክዳኑን አዩት፣ እኔን አዩኝ። "ልጄ፣ ምን አደረግሁሽ? አረቄ እኮ ነው!"

ከኋላ አንድ ጎልማሳ፣ "እማሆይ፣ መቼ ቀምሰው አወቁት?" አለ። መኪናው በሳቅ ፈረሰ።

"እናቴ አረቄ ስታወጣ እያየሁ ነው ያደግሁት፣ አንተ ባለጌ!"

ፔርሙዙን አሸተትኩት። መጀመሪያ ጦስኝ፣ ከሥሩ አረቄ። ያኔ መምህራችን ያሉት ትዝ አለኝ፤ ታይሞልን ውሃ እምብዛም አያሟሟውም፣ አልኮል ግን ከቅጠሉ ልቅም አድርጎ ያወጣዋል። ለፈተና የጻፍኩት ነው። ግማሽ ፔርሙዝ፣ ያልተጠለለ ቅጠል፣ የሚሰነፍጥ ክዳን። ለካ የጎደለውን ግማሽ በአረቄ ነው የሚሞላው። ቀና ብዬ በስፖኪዮው አየሁት። ዓይኑን ሰበረ።

"ደምሰው፣ አቁም።"

"ቁጭ በይ አንቺ ልጅ፣ ቁልቁለት ላይ ነን።"

"ሰው ጭነሃል እኮ! አቁም!" መንዳቱን ሲቀጥል ወደ ኋላ ዞሬ ጮህኩ፤ "ሾፌሩ ጠጥቷል!"

ሳቁ ቀጥ አለ። ያ ቀልደኛ ጎልማሳ ተነሥቶ የደምሰውን ትከሻ ያዘ፤ "በማርያም፣ ወንድሜ፣ ቀስ ብለህ ዳር ያዝ።" ደምሰው ፍሬን ያዘና ቆመ። ሁሉም ጉሙ ውስጥ ወረደ።

አንገቱን ይደፋል ብዬ ነበር። እሱ እቴ! ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። "እኔ ምን አውቃለሁ? በየጠዋቱ አፍልታ የምትሰጠኝ እሷ ናት! ቤታችን ሄዳችሁ ጠይቁ!"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አንዷ ሴትዮ፣ "በገዛ ወንድሟ? ምን በድሏት ይሆን?" አለች። ምን ብዬ እክዳለሁ? ማፍላቱንማ አፍልቻለሁ።

ያወጡኝ እማሆይ ናቸው። "ተዉአት" አሉ። "አውቃ ቢሆን ለእኔ ትቀዳልኝ ነበር?"

ሌላ መኪና መጥቶ ሰዉን ወሰደ። ባለቤቱ ቁልፋቸውን ተቀበሉ። እኔን አልተቆጡኝም፤ ገበያ ላይ ሲያገኙኝ "እንደምን ነሽ፣ ዋሲት?" ይሉኛል። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን የእናቴ ነው። እያለቀስኩ ስነግራት፣ "እኔማ አውቄ ነበር። እንጀራው እንዳይቋረጥ ብዬ ዝም አልኩ" አለችኝ። እኔ ዋስ ስሆንለት፣ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ ጦስኝ ስቀቅል አጠገቤ ቆማ ታይ ነበር እኮ! አንድ ቃል አልወጣትም።

ዘንድሮ ክረምት ደምሰው የምሩን ታመመ፤ ሳሉ ሌሊቱን አላስተኛንም። ጤና ጣቢያ ሄዶ መድኃኒት ወሰደና፣ ጠዋት እንደ ድሮው "ጦስኝ አፍዪልኝ" አለኝ። አፈላሁለት። አጥልዬ፣ በብርጭቆ፣ ጨርሶ እስኪያስቀምጥ ፊት ለፊቱ ቆሜ።

"አሁንም አታምኚኝም?" አለኝ።

"አላምንህም" አልኩት፤ ብርጭቆውን ተቀብዬም አሸተትኩት።