ጋሼ ጉዮ እና በስልክ የማይነገር ስም

ጋሼ ጉዮ ባለፈው ሳምንት ነገሌ ቦረና ውስጥ አርፈዋል። በአሬሮ፣ በዱብሉቅና በሞያሌ ድምፃቸውን በስልክ ብቻ የምታውቁ ብዙ ናችሁና መርዶውን በዚህ ጽሑፍ ስሙልኝ። እኔ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ያስተማሩኝ፣ ኋላም አጠገባቸው አስቀምጠው ያሠሩኝ ተማሪያቸው ነኝ።

የምንሠራበት የውሃ ቢሮ የውሃ ቦቴዎችን ስምሪት፣ የቱ ወዴት እንደሚሄድ፣ የሚያወጣ ፕሮግራም ነበረው። የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ ኋላ እኛም እየጨመርንበት ሄድን። ያኔ ኢንተርኔት ካለበት ቀን የሌለበት ስለሚበዛ እርማት የሚተላለፈው በስልክ ነበር። ጋሼ ጉዮ ነገሌ ሆነው ኮዱን መስመር በመስመር ያነባሉ፤ የሞያሌዋ ባልደረባችን ሀሊማ እየሰማች ትጽፋለች። ስለዚህ በኮዱ ውስጥ ለነገሮች ስም ስናወጣ እንዳሻን ማሳጠር አይፈቀድም። «በስልክ የማይነገር ስም አትጻፉ» ይሉ ነበር። ማሳጠር የፈለገ ሰው መጀመሪያ ለቢሮው ሁሉ ይናገራል፤ ከተስማማን ያቺው አጭር ስም በሁሉም ቦታ ሳትለወጥ ትጻፋለች።

አንድ ጊዜ እኔ የቦቴውን መነሻ የእንግሊዝኛ ስም፣ «ትራክ ስታርት» የሚለውን፣ አናባቢዎቹን ነቅዬ ጻፍኩት። አልተቆጡም። ስልኩን ሰጡኝና «በይ ንገሪያት» አሉኝ።

«ሀሊማ፣ ጻፊ፤ ቲ፣ አር፣ ሲ፣ ኬ፣ ኤስ፣ ቲ…»

«አካም አካም? እንዴት እንዴት? አንቺ ልጅ፣ ፊደል ልታስቆጥሪኝ ነው የደወልሽው?»

ጋሼ ጉዮ እየሳቁ ስልኩን ተቀበሉኝ። «ናጋ ሀሊማ፣ ሰላም ነው። ልጄን አትቆጪብኝ» አሏት። ከዚያ ሙሉውን ስም አብረን ጻፍነው።

በአንድ የድርቅ ወቅት ፕሮግራሙ የተሳሳተ ስምሪት ያወጣ ጀመር። ሾፌሮቹ ግራ ገብቷቸው ቦቴዎቹ ዱብሉቅ ሳይደርሱ ቆሙ፤ እዚያ ሰዉም ከብቱም ውሃ ይጠብቃል። ስህተቱን ስንፈልግ ስሌቱ የተንጠለጠለበት፣ ሦስት ፊደል ብቻ የሆነ፣ ምን እንደሚይዝ የማይናገር ስም አገኘን።

«ይህን ማን ነው የጻፈው?» አልኩ ጮክ ብዬ። አለቆቻችን ከኋላችን ቆመው ይሰሙ ነበር።

ጋሼ ጉዮ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው አነበቡት። «እኔ ነኝ» አሉ። «ሥራ ስጀምር የጻፍኩት ነው። ምን ለማለት እንደሆነ ግን… ጠፋብኝ።»

ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው። እኔም የምገባበት አጣሁ። ስሌቱን ከሥሩ ለቅመን እስክናስተካክል ማግስቱ ደረሰ።

ከዚያ ማንም ሳይልካቸው ዱብሉቅ ወረዱ፤ አብሬያቸው ነበርኩ። የአካባቢው ሽማግሌዎች ፊት ቆመው «ውሃው የዘገየው በእኔ ነው፤ ይቅር በሉኝ» አሉ። አንድ አባት «ጉዮ፣ አንተ እኮ ልጃችን ነህ። ሰው ነው፣ ይረሳል» ቢሏቸውም ቀና አላሉም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ስም አወጣጥ ሊያርሙን አልደፈሩም። የተቆራረጠ ስም ሲያዩ ዓይናቸውን ሰበር አድርገው ያልፋሉ። አንዴ ብቻ «ከእንግዲህ ምን አፍ አለኝ?» አሉኝ። እኛስ? ተቆጪ ሲጠፋ ጊዜ እንዳሻን እናሳጥር ገባን። ኢንተርኔቱ ተሻሻለ፣ በስልክ መነጋገሩም ቀረ፣ እሳቸውም ጡረታ ወጡ። ዛሬ ያ ፕሮግራም የጻፈው ሰው እንኳ በማያውቀው ስም ተሞልቷል። አዲስ ሠራተኛ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ተወው፣ ይሠራል» እለዋለሁ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ጋሼ ጉዮ፣ እርስዎ አንዲት ስም ቢጠፋብዎት ዱብሉቅ ድረስ ወርደው ይቅርታ ጠየቁ። እኛ ስንቱን ስናበላሽ ከቤትዎ መጥተን «እባክዎ ይቆጡን» ሳንልዎት ቀረን። ለቅሶው ላይ ባለቤትዎ እጄን ይዘው «ሁልጊዜ 'ልጆቹ ዛሬም አልደወሉም?' ይለኝ ነበር» አሉኝ። ደህና ይሁኑ፣ መምህሬ። አፈሩ ይቅለልዎት፤ እፍረቱ የእኛ ነው።