ለቦራ የሰጠኋት አተላ

ይህ ከሆነ ሁለት ፋሲካ አልፏል። እስከ ዛሬ ድረስ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ባየሁ ቁጥር ፊቴን ወደ ሌላ አዞራለሁ። ጎረቤቶቼ ከገበያ ሲመለሱ ጋሪ ሲሳፈሩ እኔ ዘንቢሌን ተሸክሜ በእግሬ እሄዳለሁ። “ለጤናዬ ነው” እላቸዋለሁ። ለጤናዬ አይደለም። ለምን እንደሆነ ለልጆቼም በቅጡ ነግሬያቸው አላውቅም።

የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ነው። ትውልዴ ደብረ ማርቆስ ሲሆን ባለቤቴ አስተማሪ ስለነበር በሥራ ምክንያት መጥተን እዚሁ ቀረን። እኔ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት እሠራለሁ። ባለቤቴ ካረፈና ልጆቹም ለትምህርት ከሄዱ በኋላ ግቢው ጭር አለብኝ። ሰው ሁሉ ባጃጅ ግዢ ሲለኝ እኔ ጋሪና አንዲት ባዝራ ገዛሁ። ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት ቦራ አልናት። ከጓሮ ቆርቆሮ ለብሶ የነበረውን ዕቃ ቤት አጽድቼ ጋጣ አደረግኩላት።

ጋሪውን የሚነዱት አቶ ዳንጊሶ የሚባሉ፣ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የቡሹሎ ሰው ነበሩ። ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከፈረስ ጋር የኖሩ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። ጠዋት ይመጡና መጀመሪያ አራቱንም እግሮቿን በየተራ አንስተው ሰኮናዋን በዶለዶመ ብረት ይጠርጋሉ። ጠጠር ወይም ምስማር ተሰክቶ እንዳይሆን ነው። ከዚያ ጋሪው የሚያርፍበትን ጀርባዋን በመዳፋቸው ይዳብሳሉ። የተመለጠ ጸጉር ወይም የሞቀ ቦታ ካገኙ ያን ቀን አትሠራም፤ አለቀ።

ከሥራ ስትመለስም ዝም ብለው ውሃ አይሰጧትም። ላቧ እስኪደርቅ በግቢው ውስጥ ያዞሯታል። ከዚያ ትንሽ ውሃ፣ ከዚያ ሳር፣ ከሁሉ በኋላ በውሃ የራሰ ፉርሽካ። እሱንም በጣሳ ሰፍረው ነው። ይህን ሁሉ ሳይ ሳቄ ይመጣ ነበር።

“አቶ ዳንጊሶ፣ ፈረስ ነው የሚጠብቁት ወይስ አራስ?” አልኳቸው አንድ ቀን።

“አራስ ይሻላል እትዬ። አራስ ትናገራለች። ይቺ አትናገርም” አሉኝ።

አሁን ስለ ራሴ ጠባይ ልናገር። እኔ የማላውቀው ነገር አለ ብዬ ማመን ይከብደኛል። አባቴ አንዲት በቅሎ ነበረችው። በዚያች አንዲት በቅሎ የተነሳ የጋማ ከብት ነገር ሁሉ በእጄ ያለ ይመስለኝ ነበር። ልጅ ሆኜ ገለባ ከማቅረብ በቀር ምንም አድርጌላት እንደማላውቅ ግን ረስቻለሁ። ስለዚህ የአቶ ዳንጊሶ ጣሳ ጥንቃቄ ሳይሆን ስስት ሆኖ ታየኝ። ፈረሷ እየሠራች ትራባለች ብዬ በሆዴ ያዝኩባቸው።

ስስት ብቻ ቢሆን ጥሩ። ማታ ማታ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ትንሽ ጆንያ በትከሻቸው ጣል አድርገው ይወጣሉ። አንዴ አየሁ፣ ሁለቴ አየሁ፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ። ፉርሽካዬ ቡሹሎ ላለች ላም እየተጫነ ነው ብዬ ደመደምኩ። ፋሲካ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የመኖ ክፍሉን ቁልፍ እንዲሰጡኝ ጠየቅኳቸው። “ከእንግዲህ እኔው አወጣለሁ” አልኩ።

ቁልፉን ሰጡኝ። ከዚያ ጆንያውን ከትከሻቸው አውርደው አፉን ፈቱት። ፋንድያ ነበር። የቦራ ፋንድያ።

“ለእንሰቴ ነው እትዬ። ከሥሩ አደርገዋለሁ” አሉ።

ያን ጊዜ ቁልፉን መመለስ ነበረብኝ። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። አፍሬ ነበር እኮ። ግን አንዴ ተናግሬአለሁና እንዴት ልመለስ? “እሺ፣ ይውሰዱ” ብዬ ቁልፉን በቀሚሴ ኪስ ከተትኩ። ኩራት ራቱ የሚሉት እንደ እኔ ያለውን ሰው መሆን አለበት።

ቅዳሜ ለፋሲካ ሲሰናበቱኝ አቶ ዳንጊሶ ጋጣው በር ላይ ቆመው አንድ ነገር ብቻ አሳሰቡኝ። “እስከ ማክሰኞ አትሠራም። ካልሠራች እህል አያስፈልጋትም። ሳር ብቻ ይስጧት እትዬ።” እሺ አልኩ። በአንዱ ጆሮ ገብቶ በሌላው ወጣ።

የፋሲካ ዕለት ቤቴ ሰው ሞልቶ ዋለ። ልጆቼ መጥተዋል፤ ከመሥሪያ ቤት የመጡ አሉ፤ ጎረቤት አለ። ሁለት ወር ጾመን ሁላችንም በልተን ጠጥተን ደስ ብሎናል። ከሰዓት በኋላ እንግዳው ቀለል ሲል ወደ ጓሮ ወጣሁ። ቦራ አንገቷን በጋጣው በር አውጥታ አየችኝ። ፊቷ የተጣለው ሳር ተበልቶ አልቋል። አንጀቴን በላችው። ሰው እየፈሰከ፣ ዓመቱን ሙሉ ጋሪ የጎተተችልኝ እሷ ሳር ብቻ ትብላ? አልኩ።

ጠላው ተጠልሎ የቀረው አተላ በባልዲ ሙሉ ተቀምጦ ነበር። እኛ አገር አተላ ለላም ይሰጣል፤ ላምም ትወፍርበታለች። ፈረስ ከላም በምን ያንሳል ብዬ ባልዲውን እንዳለ አቀረብኩላት። በቁልፌ ከፍቼም ገብስ አወጣሁና በሁለት እጄ እየዘገንኩ ጨመርኩላት። ስንቴ እንደዘገንኩ አልቆጠርኩም። እየጠጣች፣ እየቆረጠመች ጨረሰችው። ግንባሯን አሻሸኋትና “እንኳን አደረሰሽ” አልኳት። እንደዚያን ቀን ራሴን እንደ ደግ ሰው ቆጥሬ አላውቅም። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይሄ ነው።

ሰኞ ጠዋት ከጓሮ የቆርቆሮ ድምፅ ሰማሁ። ስወጣ ቦራ በፊት እግሯ መሬቱን ትቧጥጣለች። ዞር ብላ ሆዷን ታያለች። ትተኛለች፣ ትነሳለች፣ እንደገና ትተኛለች። ምንም ሳትሠራ አንገቷ በላብ ርሷል።

ስልኬን አወጣሁ። የአቶ ዳንጊሶን ቁጥር አገኘሁና መልሼ ዘጋሁት። ምን ብዬ ልደውል? ቁልፉን የነጠቅኩት እኔ፣ ያበላሁት እኔ። “ትንሽ ቁርጠት ነው፣ ይለቃታል” ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ጎረቤቴ ወይዘሮ ጥሩነሽ መጣችና ዓይን ነው አለች። ከዚያ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት በአረቄ ይሻላታል አለች። አረቄውን በጠርሙስ ላጠጣት ሞከርን፤ ግማሹ በአፍንጫዋ ተመለሰ። ቦራ ታስላለች፣ እኔ አለቅሳለሁ። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሰዓት ሆነ። ስድስት ሰዓት ሲሞላ ነው ልጄ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ የደወለችላቸው።

አቶ ዳንጊሶ እንግዶቻቸውን ትተው በባጃጅ መጡ። የበዓል ኮታቸውን እንደለበሱ ነበሩ። ለማንም ሰላም ሳይሉ ኮቱን አጥሩ ላይ ሰቅለው ጋጣው ገቡ። ጆሯቸውን ሆዷ ላይ ለጥፈው ብዙ ቆዩ። ከዚያ አፏን ከፍተው አሸተቱ። ቀና ብለው አዩኝ። አተላው እንደሸተታቸው አውቄአለሁ። እሳቸውም ማወቄን አውቀዋል። ገመዷን ይዘው ማዞር ጀመሩ።

የሚያውቁትን አንድ የእንስሳት ሐኪም ደውለው ጠሩልኝ። በዓል ነው ሳይል የመጣ ወጣት ነው። ግቢው በጎረቤት ሞልቷል፤ ለበዓሉ ሊጠይቁኝ የመጡ የመሥሪያ ቤቴ ሰዎችም አሉ። ሐኪሙ ድዷን አየ፣ ትርታዋን ቆጠረና ቀጥታ ጠየቀ።

“ምን በላች? ምን ያህል?”

አቶ ዳንጊሶ አሁንም አዩኝ፤ እንድናገር የጠበቁ ይመስለኛል። ሰው ሁሉ እኔን እያየ ነው። ዝም አልኩ።

“አተላ ነው” አሉ አቶ ዳንጊሶ። “ስጡ ያልኩት እኔ ነኝ። አንድ ጣሳ ናት።”

ከሰው መሃል አንዱ “እኚህ ሽማግሌ! ፈረስ አውቃለሁ ይሉ የለም እንዴ?” ሲል ሰማሁ። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። “አባቴ፣ ፈረስ እኮ እንደ ላም አያመነዥክም። እንደ ሰውም አያስመልስም። የማይሆን ነገር ከገባ መመለሻ የለውም” አላቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት። ይህን ለእኔ ነበር መናገር የነበረበት።

ቀጥሎ ሐኪሙ ያለው ቃል ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። “አንድ ጣሳ ከሆነ በመርፌና በማንሸራሸር ሊለቃት ይችላል። ብዙ ቢሆን ኖሮ ቱቦ አምጥቼ ከሆዷ ማውጣት ነበረብኝ” አለ።

እዚያው አጠገቡ ቆሜአለሁ። ባልዲ ሙሉ ነበር፣ ገብስም አለበት ለማለት ከአምስት ቃል በላይ አያስፈልግም። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። የኔ ዝምታ ግን ነውር ነበር። ሰው ፊት እንዳላፍር ብዬ ዋጥኩት። ሐኪሙ መርፌውን ወጋና አመሻሽ ላይ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ።

አቶ ዳንጊሶ ሳይቀመጡ አዞሯት። ትወድቅና ያስነሷታል፣ ትወድቅና ያስነሷታል። በሲዳምኛ ቀስ ብለው ያናግሯታል። አሥር ሰዓት ገደማ ወደቀችና ቢጎትቷት አልነሳ አለች። ራሷን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። እዚያው ሞተች።

ኮታቸውን ከአጥሩ አንስተው ሲወጡ በሩ ድረስ ሸኘኋቸው። “እግዜር ያጽናዎት እትዬ” አሉኝ። እኔን አጽናኑኝ! አሁንም ዝም አልኩ።

ወሬው ጋሪ ተራው ዘንድ ደረሰ። አተላ አብልቶ ፈረስ ገደለ ተባሉ። ፈረስ ያለው ሰው ሁሉ ፈረሱን ለእሳቸው መስጠት ፈራ። እኔ ይህን የሰማሁት ዘግይቼ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ወዲያው ነው የሰማሁት። አይመለከተኝም ብዬ አለፍኩት። ዓመት ሊሞላው ሲል ባህል አዳራሽ አካባቢ ስሄድ የሚሠራ ሕንፃ በር ላይ ዱላ ይዘው ተቀምጠው አየኋቸው። ዘበኛ ሆነዋል። ሲያዩኝ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉልኝ።

በሳምንቱ እሑድ ቡሹሎ ድረስ ሄድኩ። መጀመሪያ ግን ጋሪ ተራው ሄጄ ለባለ ጋሪዎቹ አንድም ሳላስቀር ተናግሬአለሁ። አንደኛው እንዲያውም፣ “እንዲህ ከሆነማ አቶ ዳንጊሶ ይምጡ፣ የኔን ፈረስ ይያዙልኝ” ብሎኛል። ይህን የምሥራች ይዤ ነው የሄድኩት።

አቶ ዳንጊሶ በግቢያቸው ወንበር አወጡልኝ። ነገርኳቸው። ይቅርታ ጠየቅኩ፣ አለቀስኩ። “ተውት እትዬ፣ አልፏል” አሉኝ። ሰው ደግነት መስሎት ያጠፋው አይቆጠርም አሉ። ሸክሜ ሲቀልል ተሰማኝ። ከዚያ ቆይተው እንደ ዋዛ ጠየቁኝ።

“አንድ ጣሳ ነበር አይደል?”

“ባልዲ ሙሉ ነበር” አልኩ። “ገብስም አለበት።”

ፊታቸው ተለወጠ። መሬት መሬቱን አዩ።

“በጣሳ ስለምሰፍር ጣሳ መሰለኝ” አሉ። “ሐኪሙ ሲጠይቅ እኔ ነኝ አንድ ጣሳ ያልኩት። እኔ ባልዋሽ ቱቦውን ያመጣ ነበር።”

“አይደለም፣ ጥፋቱ የኔ ነው! ዝም ያልኩት እኔ ነኝ!” አልኩ። እጃቸውን ያዝኩ። አልሰሙኝም። ዓመቱን ሙሉ ባላጠፉት ሲወቀሱ ልባቸው ንጹሕ ነበር፤ ልባቸውን ያቆሸሽኩት እኔ ነኝ፣ ያን ቀን፣ ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ።

የባለ ጋሪውን መልእክት ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። “ከእንግዲህ ፈረስ አልይዝም” አሉ።

እስከ ዛሬ ዘበኛ ናቸው። በዓል ሲመጣ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ፤ በአክብሮት ይቀበሉኛል፤ ስለ ቦራ አናነሳም። ሰው እውነቱን ተናገሪ፣ ይቀልልሻል ይለኛል። ለኔስ ቀሎልኛል። የቀለለኝ ግን እሳቸው ስለተሸከሙልኝ ነው።