ሠላሳ ሁለት የስፒከር ክዳኖች

ኮርኒስ ውስጥ የሚገጠም ስፒከር ክዳን አለው፤ ነጭ፣ ክብ፣ ወንፊት የመሰለ ብረት። ጠርዙ በስፒከሩ ዙሪያ ካለችው ቀጭን ቦይ ውስጥ ይገባል። ቦይዋ ጠባብ ስለሆነች ከገባ በኋላ በዋዛ አይወጣም። አንዱን ጎን በአውራ ጣት ይዞ ዙሪያውን በመዳፍ ቀስ እያሉ መጫን ነው። አንድ ቦታ ላይ ከበረታህበት ይጎብጣል።

ይህን ሥራ የተማርኩት ዙሪክ፣ ኦርሊኮን፣ ድሮ ፋብሪካ በነበረ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት አራት ዓመት ጄኔቭ ኖሬያለሁ። ወደ ዙሪክ እንድዛወር የተፈቀደልኝ ሥራ ስላገኘሁ ነው፤ የለፋሁበት ፈረንሳይኛ ግን እዚያው ጄኔቭ ቀረ፣ ዙሪክ የሚነገረው ጀርመንኛ ነው። መታወቂያዬ ኤፍ ይባላል፣ ለጊዜው ኑር ማለት ነው። በእሱ ከስዊስ መውጣት አልችልም፤ ቋሚ ደመወዝ ከሌለኝ ደግሞ ሚስቴንና ልጄን ማምጣት አልችልም። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። ከአገር ስወጣ ገና አልተወለደችም፤ የማውቃት በስልክ ብቻ ነው። ማንም አላሰረኝም፣ ግን በሩ ከውጭ የተቆለፈብኝ ያህል ይሰማኝ ነበር። የሦስት ወር የሥራ ሙከራዬ የሚያልቀው ክዳኖቹን በገጠምኩበት ሳምንት ዓርብ ነበር።

አለቃዬ ወደ ስልሳ የተጠጉ የአገሩ ሰው ናቸው። እዚህ አለቃም አንተ ነው የሚባለው፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ ማለቴን አልተውኩም። ማክሰኞ ጠዋት መሰላሉ ሥር ቆመው በዙሪክ ጀርመንኛቸው ረጅም ነገር ሁለት ጊዜ አስረዱኝና "ገባህ?" አሉኝ።

"ያ፣ ያ" አልኩ፤ በእነሱ ቋንቋ አዎ ማለት ነው።

ግማሹ አልገባኝም ነበር። ግን ትልቅ ሰው ሁለቴ አስረድቶ ሲያበቃ እንደገና ማድከም እኛ ዘንድ ነውር ነው። አንገቴን ደፋሁ። አንገት ደፊ አገር አጥፊ የተባለው ለእኔ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለት ቀን ሙሉ ሽቅብ ሳንጋጥጥ ዋልኩ። ቀለም ቀቢዎቹ ቦዮቹን በቀለም ስላጠበቧቸው እያንዳንዱ ክዳን ትግል ነበር። አንገቴ ደነዘዘ፣ አውራ ጣቶቼ አበጡ። ሠላሳ ሁለተኛው ጠቅ ብሎ ሲገባ ኮራሁ።

ሐሙስ ከሰዓት አለቃዬ ድምፁን ለመሞከር ወደ ስፒከሮቹ ሁሉ ድምፅ የሚልከውን ማጉያ ከፈቱ። ዝም። አጥፍተው እንደገና ከፈቱ። አሁንም ዝም። ቀና ብለው ኮርኒሱን አዩና፣ በዚህ ጊዜ ቃሉን አንድ በአንድ እየለዩ፣ "ማዞሪያዎቹን ስድስት ላይ አድርገሃል?" አሉኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። በእያንዳንዱ ስፒከር ፊት ላይ በካቻቪቴ የምትዞር ትንሽ ማዞሪያ አለች፤ ካልተስተካከለች ድምፅ አይወጣም፣ መስተካከል የነበረባት ደግሞ ክዳኑ ሳይገባ ነው። የማክሰኞው ንግግር ሁሉ ስለ እሷ ኖሯል።

"ያ" አሁንም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ብላት እሳቸው ማጉያውን ሲፈታቱ፣ ሽቦ ሲፈትሹ ዓርብ ያልፍልኝ ይሆናል። ፈራሁ። ለመዋሸትም ቃጣኝ።

"አላደረግኩም" አልኩ። "ማክሰኞ የነገሩኝ አልገባኝም ነበር።"

"ታዲያ ለምን ገባኝ አልክ?"

"እንዳላደክምዎት ብዬ።"

"ይኸው አሁን ሁለታችንም ልንደክም ነው" አሉና ጫፉ የታጠፈ ሽቦ ሰጡኝ። ክዳኖቹን በእሱ እየጎተትኩ ሳወጣ አሥራ አንዱ ጎበጡ።

ዓርብ ዕለት ቋሚውን ውል አልሰጡኝም፤ ሌላ የሦስት ወር ውል አስፈረሙኝ። "ሰኞ ጄኔቭ አንድ ሆቴል እንጀምራለን፣ ፈረንሳይኛህ ይጠቅመናል" አሉ። "ግን ገባኝ ስትለኝ ማመን መቻል አለብኝ።" አልተቀየምኳቸውም። ሦስት ወር ለእሳቸው ሦስት ወር ብቻ ነው።

ወደምኖርበት ወደ ዲቲኮን በሚሄደው ባቡር ውስጥ ሆኜ ለሚስቴ ደወልኩ። ውሉ ቋሚ እንዳልሆነ፣ እሷንና ልጃችንን የማመጣበት ማመልከቻ እንደሚዘገይ፣ ጥፋቱም የእኔ እንደሆነ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት።

"እሺ" አለች። "ምንም አይደል።"

"ለእኔ ብለሽ እንዲህ አትበዪ" አልኳት። "እውነቱን ንገሪኝ።"

ከልጃችን ራቅ ብላ በር ስትዘጋ ተሰማኝ።

"መጠበቅ ደክሞኛል" አለችኝ። "ልነግርህ ስል፣ እንዳላሳዝንህ ብዬ ስተወው ዓመት ሆነኝ።"