ወርቅአፈራሁ የዋጠችው ቃል

በቦንጋ ገበያ ዳር፣ ከጨርቅ ተራው በላይ ባለች ጠባብ በረንዳ ላይ ወርቅአፈራሁ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ስፌቷ ደህና ነው፤ ድንቅ ግን አይባልም። ሱሪ ስታሳጥር አንዱን እግር ከሌላው በጣት ስፋት የምታስበልጥበት ቀን ነበር። ባለ ሱሪው ተመልሶ ሲመጣ «የቆምክበት መሬት ነው እንጂ ሱሪው አላዘነበለም» ትለዋለች። ቦንጋ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት እንጂ ሜዳ ብዙ የላትምና፣ አምኗት የሄደው ሰው ቀላል አይደለም።

የሠመረላት ሥራ የእሁዱ ነበር። ከደካ ገጠር በትዳር መጥታ አማርኛን ከደንበኞቿ ጋር ስትከራከር ተማረችው፤ ከዚያ በኋላ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በአጥቢያዋ ቤተ ክርስቲያን ከሰባኪው በስተግራ ቆማ አማርኛውን ወደ አገሬው ቋንቋ፣ ወደ ካፊኖኖ ስትመልስ ኖረች። በደርግ ዘመን ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቶ ምእመናኑ በየጓዳው በሹክሹክታ ሲሰበሰቡም የምትተረጉመው እሷ ነበረች። በሹክሹክታ ማስተርጎም እንዴት እንደሚከብድ የሞከረው ያውቀዋል።

ማስተርጎም የራሱ ልማድ አለው። ሰባኪው ይናገርና ዝም ይላል፤ እሷ ትቀጥላለች። አማርኛ ብቻ የሚያውቀው በእሷ ተራ ያስላል፣ ሰዓቱን ያያል። ካፊኖኖ ብቻ የሚያውቀው ገበሬ በሰባኪው ተራ ልጁን ያባብላል። ሁለቱንም የሚያውቀው ደግሞ አንዴ የሰማውን ለመድገም ትዕግሥት ስለሌለው፣ በእሷ ተራ ሐሳቡ ገበያ ወርዶ ይመለሳል። ስለዚህ በዚያ አዳራሽ ሁለቱንም ንግግር ከዳር እስከ ዳር የምትሰማው ወርቅአፈራሁ ብቻ ነበረች። ይህን ሁሉ ሸክም በአንዲት ሴት ምላስ ላይ መጣል ጥሩ ነበር አልልም፤ ግን ማንም አስቦበት አያውቅም።

ነገሩ የሆነው በ1988 ዓ.ም. ነው። መንግሥት ከተለወጠ አምስት ዓመት ሊሞላው፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ የቋንቋ ነገር የዕለት ወሬ ሆኖ ነበር። ወሬው ቤተ ክርስቲያኑም ገባ። የሚያምኑት አንድ፣ የተጠመቁት በአንድ ስም፣ የሚቆርሱት አንድ ኅብስት ነው። በዚያ በሹክሹክታው ዘመን ማን በምን ቋንቋ አሜን እንዳለ የጠየቀ አልነበረም። ሰላም ሲሆንና በሩ ሲከፈት ግን «ስብከቱ ረዘመ» የሚል ተገኘ። ሰው እንዲህ ነው፤ መከራ ያላለያየውን ምቾት ይለያየዋል።

አንድ ረቡዕ ደምመላሽ የሚባል የቢሮ ሠራተኛ ኮት ሊያስጠብብ መጣና፣ ቁጭ እንዳለ ወሬ አወረደላት። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሰብሳቢ ጋሽ ፍቃዱ በስብሰባ ላይ «በትርጉም ምክንያት ጊዜው እጥፍ እየሆነ ነው፣ ገበሬዎቹ የራሳቸውን ቦታ ይያዙ፣ አስተርጓሚዋም ትረፍ» ብለዋል አላት። ጋሽ ፍቃዱ መምህር ናቸው፤ አያታቸው ከሰሜን ቢመጡም እሳቸው የተወለዱት እዚሁ ካፋ፣ ዋጫ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በቦንጋ ሲያስተምሩ ከሰላምታ ያለፈ ካፊኖኖ አልተማሩም። ይህንን ወርቅአፈራሁ ያን ቀን አስታወሰች፤ ከዚያ በፊት ግን ትዝ ብሏት አያውቅም።

ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ይባላል። ተነሥታ ብትሄድና «ጋሽዬ፣ እንዲህ ብለዋል?» ብትል በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። አልሄደችም። ትረፍ የሚለውን ቃል ይዛ ተቀመጠች። መርፌ ስታስገባ ታስበዋለች፣ ጎመን ስትቀነጥስ ታስበዋለች። አንድ ወር ሙሉ በልቧ ከሰውዬው ጋር ስትሟገት፣ በየቀኑ እሷ ስትረታ፣ በየቀኑ እሱ ይበልጥ ክፉ ሲሆንባት ሰነበተች። ፍልፈል የእንሰት ሥር ሲበላ ቅጠሉ ከላይ እንደለመለመ ነው። እሁድ እሁድ ቀሚሷን ተኩሳ፣ ፈገግ ብላ ትቆም ስለነበር ማንም ምንም አላየባትም። ቂም ተይዞ ጸሎት፣ ሳል ተይዞ ስርቆት መሆኑን እሷም አታጣውም ነበር።

ሚያዝያ ውስጥ፣ ከአምልኮ በኋላ የመለያየቱን ጉዳይ ለመጨረስ ጉባኤው ሁሉ ተቀመጠ። ጋሽ ፍቃዱ ተነሡ። እንደ ልማዳቸው ቆም እያሉ አልተናገሩም፤ በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት።

«ገበሬዎቹ ለብቻቸው ይሁኑ ብዬ በሽማግሌዎች ፊት የተናገርኩት እኔ ነኝ። ለሰዓቴ ብዬ ወንድሞቼን ከገዛ ቤታቸው ላስወጣ ነበር። በድያችኋለሁ፤ ይቅር በሉኝ። አትሂዱብን።»

የወርቅአፈራሁ ተራ ሆነ። ፊታቸውን አየችው፤ እንባ ነበረበት። ወር ሙሉ ስትሟገተው የነበረው ሰው ይህ አልነበረም፤ ያንን ሰው ግን ለመልቀቅ አልፈለገችም። ወደ ገበሬዎቹ ዞረችና «ገበሬዎቹ ለብቻቸው ይሁኑ ብዬ በሽማግሌዎች ፊት ተናግሬአለሁ ይላሉ» ብላ በካፊኖኖ ተናገረች። ከዚያ አፏን ዘጋች። ጋሽ ፍቃዱ ጨረሰች ብለው ተቀመጡ።

በገበሬዎቹ ወንበር ፊት የሚቀመጡት ጋሽ ወልደ ማርያም፣ ንብ አርቢው ሽማግሌ፣ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። አርባ ያህል አባወራ ቤተሰቡን እየያዘ ተከተላቸው። የቀሩት አፋቸውን ይዘው ቀሩ። ለእነሱ ይቅርታ ተለምኖ እንቢ ያለ ትዕቢተኛ ነው የወጣው፤ ለወጡት ደግሞ በአደባባይ የተባረረ ሰው ነው የወጣው። ሁለቱም ወገን ተበደልኩ አለ፤ ሁለቱም እውነቱን ነበር።

በማግስቱ በገበያ አንዳንዱ «ኧረ ሰውዬው ይቅርታ ጠይቀው ነበር» ማለቱ አልቀረም። ገበሬዎቹ የሰጡት መልስ ግን ወርቅአፈራሁን ከሁሉ በላይ ያቃጠላት ነው። «ወርቄ ስትተረጉም በጆሯችን ሰምተናል፤ አሥራ ሰባት ዓመት ያልዋሸች ዛሬ ትዋሻለች?» ተባለ። የገዛ ታማኝነቷ ውሸቷን ሲጠብቅላት አየች።

ሦስት እሁድ አለፈ። ገበሬዎቹ በጋሽ ወልደ ማርያም ግቢ መሰብሰብ ጀመሩ። አዳራሹ ውስጥ እሷ እንደ ልማዷ ብትቆምም የምትተረጉምለት አልነበረምና፣ በሁለተኛው እሁድ ሰባኪው በቀስታ «ተቀመጪ» አላት። በሦስተኛው የጌታ እራት ነበር። ኅብስቱ በሰሐን ሲዞር ግማሹ ሳይነካ ተመለሰ። ወርቅአፈራሁም እጇን አልዘረጋችም፤ አንዱን አካል ራሷ ከፍላ እንዴት አድርጋ ትቆርሳለች? የዚያን ቀን ገባት፤ ቤተ ክርስቲያኑን የከፈለው የሁለት ቋንቋ ጉዳይ አልነበረም፣ እሷ በር ከፍታ ያስገባችው አንድ ሐሳብ ነበር። ያን ሐሳብ ገና ረቡዕ፣ ከደምመላሽ ኮት ጋር መመለስ ትችል ነበር።

ሐሙስ ጠዋት የስፌት መኪናዋን ሸፍና በሺሺንዳ መንገድ በእግሯ ወጣች። የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ እሷ ሦስት ጊዜ ልመለስ እያለች ሁለት ሰዓት ፈጀባት። ጋሽ ወልደ ማርያም በራቸው ላይ ቁጭ ብለው ለቀፎ የሚሆን ቀርከሃ ይሰነጥቃሉ። ሳትቀመጥ፣ ውሃ እንኳ ሳትቀበል፣ በካፊኖኖ ሁሉንም ነገረቻቸው። ጋሽ ፍቃዱ ያሉትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አንድ ቃል ሳታጎድል ደገመችላቸው። ሦስት ሳምንት ሌላ ነገር በጆሮዋ አልነበረምና አልረሳችውም።

ሽማግሌው ቢላዋቸውን አስቀመጡ።

«አማርኛ አልችልም ያለሽ ማን ነው? ሠላሳ ዓመት ማር ሸጬበታለሁ። ይቅር በሉኝ ሲል ሰምቼዋለሁ።»

ወርቅአፈራሁ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ታዲያ ለምን ወጡ?»

«አንቺ ዝም ስትዪ ደስ አለኝ» አሉ። «እኔም ያን ወሬ ከሰማሁ ጀምሮ በልቤ ቁጣ ሳበስል ከርሜ ነበር። ይቅርታውን ከሰማሁ ቁጣዬን ላጣው ነው። አንቺ ዋጥሽልኝ፣ እኔም ያልሰማሁ ሆንኩ።»

እሷ አለቀሰች፤ እሳቸውም ፊታቸውን ወደ እንሰቱ አዙረው ነበርና የሆኑትን አላየችም። በመጨረሻ «እሁድ እንመጣለን» አሏት። በፊት ለፊት ቆመው በካፊኖኖ እንደሚናገሩ፣ እሷም ወደ አማርኛ እንደምትመልስ፣ የሚሉትን ሁሉ ግን አንዲት ሳታስቀር መሆኑን አጥብቀው ነገሯት። እሺ አለች። ምን እንደሚሉ አልጠየቀችም፤ ፈርታ ነው።

እሁድ መጡ። ጋሽ ወልደ ማርያም ፊት ወጡ፤ ወርቅአፈራሁም ከጎናቸው ቆመች። ያን ቀን በዚያ አዳራሽ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ትርጉም የሚጠብቁት አማርኛ ተናጋሪዎቹ ሆኑ። መጠበቅ እንዴት እንደሆነም አዩት፤ አንገታቸውን አሰገጉ።

«እኔ ይቅርታውን በገዛ ጆሮዬ ሰምቼ እንዳልሰማ ሆኜ ወጣሁ» አሉ ሽማግሌው። ተረጎመች።

«ሕዝቤንም ይዤ ወጣሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።» ተረጎመች።

«ወርቅአፈራሁ ደግሞ የይቅርታውን ቃል ሆን ብላ ዋጠችው። እኛን ዋሸችን፣ ጋሽ ፍቃዱንም በደለች።»

አዳራሹ ግማሹ ሰምቶ ሲያጉረመርም ግማሹ አፏን ያይ ነበር። ብታስቀረው ኖሮ በዚያች ቅጽበት ማን ያስቆማት ነበር? ግን ስሟን ጠርታ፣ ከሁሉም ዓረፍተ ነገር ይልቅ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ አንዲት ሳታጎድል ተረጎመችው። ጋሽ ፍቃዱ መነጽራቸውን አወለቁ።

ጋሽ ወልደ ማርያም አንድ ነገር ጨምረው ዝም አሉ። ወርቅአፈራሁ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ሁለተኛም ሞከረች። ጋሽ ፍቃዱ ጠበቁ፣ ጠበቁና ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ምን አሉ?» ብለው ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት «ይቅር ብለናታል አሉ» አለች።

መምህሩ መነጽራቸውን በእጃቸው እንደያዙ ወደ ወርቅአፈራሁ ተመለከቱ።

«እኛም» አሉ።

ወርቅአፈራሁ እንባዋን ሳትጠርግ ወደ ገበሬዎቹ ዞረችና ያቺን አንዲት ቃል በካፊኖኖ ተረጎመችላቸው።